መካከለኛው ቁጥር

«አምሳ አምስት! አምሳ አምስት ነው ያልኳት!» አለ ስልኩ።

ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ስለነበር ለታክሲው ቸርኬ የሰጣቸው የሙሴ ዓብዱልጀሊል ቁጣ ጠባቧን ክፍል ሞላት። የኤሌኒ አባት በፍቃዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን በግራ እጁ ይዟል። ቀኝ እጁ በነጭ ጨርቅ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል። ትናንት አምቡሊ የሚባለው ሰፈር መታጠፊያ ላይ የታክሲው የፊት ጎማ ፈንድቶ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላትሞ ነበር። አራት ተሳፋሪዎች ከነሻንጣቸው ጭኖ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እየሄደ ነበር። እግዜር ሲጠብቅ ተሳፋሪዎቹ ደንግጠው ብቻ ቀሩ፤ የሱ ክንድ ግን ተሰበረ።

«ስማኝ በፍቃዱ» አለ ሰውየው ረጋ ብሎ። «የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት ነው፤ የመጨረሻው የቸርኬው ትልቀት። መካከለኛው ግን ሳንቲሜትር አይደለም፣ ፐርሰንት ነው። ላስቲኩ ከስፋቱ አንጻር ምን ያህል እንደሚቆም ነው የሚነግርህ። ቸርኬው ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ስድስት ሲያድግ ላስቲኩ ማጠር አለበት፤ ያኔ የእግሩ ጠቅላላ ቁመት እንደ ድሮው ይሆናል። የድሮው ጎማህ ስልሳ አምስት ነበር። ያንኑ ስልሳ አምስት በትልቅ ቸርኬ ላይ ካደረግክ መኪናዋ ያልተሠራችለትን እግር ገጠምክላት ማለት ነው። ባዶዋን ትንሽ ትፋቃለች፤ ሰው ሲሞላና ስትታጠፍ ግን ፓራፋንጎው ጎማውን ይበላዋል። ይሄን ሁሉ ለልጅህ ቁጭ አድርጌ አስረድቻታለሁ።»

ኤሌኒ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ይሄን ሁሉ አስረድቷታል፤ እሷ ግን አሁን ገና መስማቷ ነው።

አባቷ ስልኩን ዘጋና ቀና ብሎ አያት። አስተያየቱ ላይ ቁጣ የለም። እንደተለመደው በልጁ የሚመካ አባት ነው።

«ኤሉ፣ አንቺ ጎማውን ላስመጣልን ለካሣ ስንት ብለሽ ነበር የነገርሽው?»

እውነቱ አፏ ውስጥ ነበር። ተሳስቼ ነው አባዬ፣ ማለት ብቻ ነው የቀራት። ነገር ግን የተንጠለጠለውን ክንድ አየችና እውነቱን ዋጠችው።

«አምሳ አምስት» አለች።

በፍቃዱ በደህናው እጁ ጭኑን መታ። «አውቄ ነበር! አውቄ ነበር እኮ! ያ ካሣ ያቺን ነጋዴ ኻሊዳን ያገኘሽውን አምጪ ብሏት ነው!» ጫማውን እንኳን በወጉ ሳያጠልቅ ወጣ። የካሣ ሥራ ቦታ እዚያው ሰፈራቸው ካርትዬ ካትር ውስጥ ነው፤ ጩኸቱ እስከ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ኤሌኒ ጆሮዋን በትራስ ሸፈነች።

ነገሩ የጀመረው በቸርኬዎቹ ነው። ሙሴ ዓብዱልጀሊል፣ ‹ሙሴ› በፈረንሳይኛ አቶ እንደማለት ነው፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የተባለ የሀብታም ሰፈር የሚኖር የመንግሥት ኃላፊ ነው። የኤሌኒ እናት ሰብለወርቅ እቤቱ እያደረች ትሠራለች፤ ወደ ራሷ ቤት የምትመጣው ሐሙስ ማታ ሲሆን ዓርብን ውላ ትመለሳለች። ሰውየው የራሱን ኮሮላ ሲሸጥ ለጌጥ ያስገጠማቸውን የሚያብረቀርቁ የሞዲፋይ ቸርኬዎች አስቀርቶ ነበር። «ባልሽ ኮሮላ አይደል የሚነዳው? ይውሰዳቸው» አላት።

በፍቃዱ ቸርኬዎቹን ሲያይ ልጅ ሆነ። «ታክሲዬ ሙሽራ ልትሆን ነው!» እያለ ሰፈሩን ሰበሰበ። ወዲያው ወደ ካሣ ወሰዳቸው። ካሣ ጎሚስታ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚመጡ የተሳቢ ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል። በፍቃዱና እሱ ከድሬዳዋ በአንድ የጭነት መኪና ተሳፍረው ወደዚህ የወደብ ከተማ የመጡ፣ ኤሌኒ ሳትወለድ ጀምሮ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች ናቸው።

«አቦ እኔ የማውቀው የከባድ መኪና ጎማ ነው» አለ ካሣ ቸርኬውን እያገላበጠ። «የሞዲፋዩን ነገር ባለቤቱን ጠይቁና ቁጥሩን አምጡልኝ። ኻሊዳ ዱባይ ናት፤ ዕቃ እየጫነች ነው። ዛሬ ካልደወልኩላት ያመልጠናል። ደግሞ አንዴ ከመጣ መመለስ የለም፣ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው።»

ሙሴ ዓብዱልጀሊል ነገሩ ሥዕል ይፈልጋልና ሰው ላክልኝ አለ፤ በፍቃዱ ግን ወደብ በር ላይ የታክሲ ወረፋ ይዞ ነበር። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ እንድትል ለኤሌኒ ደወለላት።

እዚያ ቤት መሄድ የምትፈራበት ምክንያት ነበራት። የሰውየው ልጅ ኑሪያ የክፍሏ ልጅ ናት። ኤሌኒ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ የራሷ ሱቅ አላት ብላ አውርታለች። ኑሪያ ባትኖር እያለች የበሩን ደወል ተጫነች። ኑሪያ ግን ነበረች፤ ሳሎኑ ውስጥ የቤት ሥራዋን እየሠራች።

«ኤሌኒ? አንቺ እዚህ?» አለቻት በፈረንሳይኛ።

«ለአባቴ ነው፤ ለመኪና ጉዳይ።»

ሙሴ ዓብዱልጀሊል መኪና ሲያገኝ ሌላው ሁሉ የሚጠፋበት ሰው ነው። አስቀመጣትና ጋዜጣ ዳር ላይ ክብ እየሳለ በፈረንሳይኛ ያስረዳት ጀመር። ስፋቱ ሁለት መቶ አምስት፣ ቸርኬው አሥራ ስድስት። እስከዚያ ድረስ ሰምታለች። ከዚያ የኩሽናው በር ተከፈተና እናቷ የብርቱካን ጭማቂ በትሪ ይዛ ገባች። የተቋጠረ ሻሽ፣ ሰማያዊ ሽርጥ፣ ከፊቷ የሽንኩርት ሽታ ይቀድማል። ልጇን ስታይ ፊቷ በራ፤ ልትናገር አፏን ከፈተች።

ኤሌኒ ቀደመቻት።

«ሜርሲ፣ ማዳም» አለች፤ ልክ የማታውቃትን ሴት እንደምታመሰግን።

ሰብለወርቅ አፏን ገጠመች። ብርጭቆውን ልጇ ፊት አስቀመጠችና ትሪውን ይዛ ተመለሰች። ሙሴ ዓብዱልጀሊል ከክቡ ቀና አላለም። ስለ ላስቲክና ስለ ቁመት ያወራል፤ ኤሌኒ የምትሰማው ግን የእናቷን ነጠላ ጫማ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«ገባሽ?» አላት በመጨረሻ።

«አዎ ሙሴ፣ ገባኝ።»

መንገድ ላይ ስትሆን መካከለኛው ቁጥር እንደሌላት አወቀች። ተመልሳ መጠየቅ ትችል ነበር። ያንን ደወል እንደገና መጫን ግን አልሆነላትም። የአባቷን የድሮ ጎማ ስንት ጊዜ አጥባዋለች፤ ላዩ ላይ ስልሳ አምስት የሚል አለ። ጎማ ጎማ ነው፣ ምን ይለወጣል ብላ ለካሣ ሁለት መቶ አምስት፣ ስልሳ አምስት፣ አሥራ ስድስት አለችው።

«አንቺ ካልሽ አለቀ!» ብሎ እዚያው ፊቷ ለኻሊዳ ደወለ።

ጎማዎቹ መጥተው ሲገጠሙ ካሣ ራቅ ብሎ አየና «ትንሽ አልረዘመችም ግን?» ብሎ ነበር። በፍቃዱ የት ሰምቶት! «ፏ ብላለች እንጂ!» አለ። ሲታጠፍ ከፊት በኩል ክርርር የሚል ድምፅ ነበረ፤ እሱንም አዲስ ጫማ መጀመሪያ ይጮኻል ብሎ አለፈው።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኤሌኒ ግን እያደር ከበደ። ከአደጋው በኋላ በነበረው ሳምንት የታክሲ ሾፌሮች የካሣን በር እያለፉ ሌላ ጎሚስታ ጋ መሄድ ጀመሩ። «የተነገረውን ትቶ የፈለገውን የሚገጥም ሰው ነው፣ በፍቃዱን ሊገድለው ነበር» ይሉ ነበር። ካሣ ልጅቷ ስልሳ አምስት ነው ያለችኝ ብሎ ሲምል በፍቃዱ የባሰ ነደደ። «ልጄን ውሸታም ልታደርጋት ነው?» ብሎ ከዚያ ወዲያ ቃል ላያነጋግረው ማለ። ኤሌኒ በካሣ ደጅ ላለማለፍ መንገድ ትቀይር ጀመር። አንድ ቀን ከሩቅ አይቷት እጁን አነሳላት። አላየሁም ብላ ተጠመዘዘች፤ ከዚያ ጥግ ላይ ቆማ አለቀሰች።

እሑድ ደግሞ፣ እዚያ አገር የትምህርት ቀን ነውና፣ በዕረፍት ሰዓት ኑሪያ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ» አለች። «ሰብለ እናትሽ ናት አይደል?»

ኤሌኒ ሌላ ሰው ሰምቶ እንደሆን ዙሪያዋን አየች። «ማን ነገረሽ?»

«ራሷ ናታ! ገና ዓምና። ያንቺን ፎቶ ስልኳ ላይ ለመጣ ሁሉ ነው የምታሳየው። ‹ልጄ ጎበዝ ናት፣ አንድ ክፍል ናችሁ› ትለኛለች። አንቺ ሳትነግሪን እኔ ባወራው ጥሩ አይመስለኝም ብዬ ዝም አልኩ።» ኑሪያ ጠጋ አለች። «ግን ያን ቀን ለምንድን ነው ‹ማዳም› ያልሻት? ከዚያ በኋላ ኩሽና ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳህን ታጥብ ነበር።»

ኑሪያ ዓመት ሙሉ አውቃ ዝም ካለች፣ ያ ሁሉ ድብብቆሽ ለማን ነበር? ደወሉ ሲደወል ተነስታ ሄደች። ያን ቀን መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን አየችው እንጂ አላነበበችውም።

ሐሙስ ማታ እናቷ መጣች። ዓርብ ጠዋት ከበሩ ውጪ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ የኤሌኒን ፀጉር እየሠራችላት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች በፍቃዱንና ካሣን ሊያስታርቁ ቀጠሮ ይዘዋል።

«ሙሴ ሲያስረዳሽ ክብ እየሳለ ነበር» አለች ሰብለወርቅ ድንገት። ጣቶቿ ሥራቸውን አላቆሙም። «በበሩ ክፍተት አይሽ ነበር። አንዴም ክቡን አላየሽም፤ መሬት መሬቱን ነው የምታይው።»

«እማዬ...»

«አባትሽ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። የወለድኳትን ልጅ አሳልፌ አልሰጥም።» ሹሩባውን ቋጠረችና እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። «ካሣም ግን ሰው ነው፣ ኤሌኒዬ።»

ስለ «ማዳም» አንዲት ቃል አላነሳችም። ብትሰድባት፣ በጥፊ ብትላት ኖሮ ለኤሌኒ ይሻላት ነበር።

ሽምግልናው የተቀመጠው በአቶ ኃይለሚካኤል ግቢ ነው። አቶ ኃይለሚካኤል ወደብ ላይ ሲሠሩ ያረጁ፣ ሐበሻ ሁሉ ሲጣላ የሚሄድባቸው አዛውንት ናቸው። ሌላው ሽማግሌ ሐጂ ሙሐመድአሚን ጁምዓ ሰግደው በቀጥታ መጡ። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። በፍቃዱና ካሣ ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ ሌላውን አያይም። ኤሌኒ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። አባቷ ነው ነይ ያላት፤ እሷ ራሷ ትናገር ብሏል።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ሐጂ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። በፍቃዱ፣ ጀምር።»

በፍቃዱ ጀመረ። ቸርኬውን፣ ቁጥሩን፣ አምቡሊ ላይ የሆነውን ዘርዝሮ ተናገረ። «ባለቤቱ አምሳ አምስት አልኩ ይላል። ልጄም አምሳ አምስት አልኩት ትላለች። እሱ ብቻ ነው ስልሳ አምስት የሚለው። እኔን ያሳዘነኝ እጄ አይደለም፤ ክንድ ይጠገናል። ጥፋቱን ልጅ ላይ መለጠፉ ነው ያቃጠለኝ። ይኸው ልጅቷ አለች፣ ጠይቋት!»

ሁሉም ወደ ኤሌኒ ዞሩ። ከጠየቋት ምን እንደምትል አታውቅም፤ እውነቱን የምትናገር አልመሰላትም። ከራሷ የፈራችው ይሄንን ነው።

«የለም» አለ ካሣ እጁን አንስቶ። «እሷን አትጠይቋት።»

«ለምን?» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል።

ካሣ ጥቁር ቅባት ያልለቀቃቸውን ጣቶቹን አያቸው። «ይቺን ልጅ ሳይክል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስትወድቅ ጉልበቷን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ስልሳ ነው አምሳ ነው እያልኩ ከልጅ ጋር ልሟገት? ነውር ነው። በልጅ ላይ ተመስክሮ የሚገኝ እውነት ይቅርብኝ። ጥፋቱ የካሣ ነው በሉና ጨርሱት።»

«ወላሂ፣ ባላጠፋኸው ጥፋት ነው እሺ የምትለው?» አሉ ሐጂ እያዩት።

«በፍቃዱን ከማጣ ጥፋተኛ ብሆን ይሻለኛል» አለ ካሣ።

ኤሌኒ ዳነች። ከአሁን በኋላ ማንም አይጠይቃትም፤ ነገሩ ዛሬ ተቀብሮ ይቀራል። ይቀለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ግን የባሰ ከበዳት። እናቷን አየቻት፤ ሰብለወርቅ ጉልበቷን እያየች ነው።

ካሣ ብድግ አለ። በሩን ነፋስ እንዳይመታው የተደገፈበትን ድንጋይ በሁለት እጁ አነሳ። የአገሩ ደንብ ነው፤ ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅር በለኝ ይላል፣ የተበደለው ይቅር ሲል ድንጋዩን ያወርድለታል። ካሣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ እንዳጎነበሰ በፍቃዱ ፊት ቆመ።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

በፍቃዱ ለመቆጣት ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ጓደኛውን እንዲህ ጎንበስ ብሎ ሲያየው ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ ድምፁ እየተሰበረ። ድንጋዩን ሊያወርድለት ግራ እጁን ሰደደ። ድንጋዩ ከባድ ነው፣ በአንድ እጅ አልነሳ አለ። ቀኝ ክንዱ ከአንገቱ እንደተንጠለጠለ ነው። ዘወር አለና በዓይኑ ፈለጋት።

«ኤሉ፣ ነይ። በኔ ፈንታ አንቺ አውርጂለት።»

ኤሌኒ ተነሳች። ካሣ አጠገብ ስትደርስ የማጅራቱን ሽብሽብ አየች፤ የጎማ ብናኝና ላብ ተቀላቅለውበታል። ካሣ ሳይቀና፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጎ አናገራት።

«አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ያዥው። እግርሽ ላይ እንዳይወድቅ።»

ድንጋዩን ከሥሩ ይዛ አነሳችው። ካሣ ወገቡን እያሻሸ ቀና አለ። አቶ ኃይለሚካኤል ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ። አባቷ ጓደኛውን ሊያቅፍ ተራመደ። ሁሉም ድንጋዩን መሬት እስክታስቀምጠው ይጠብቃል።

ኤሌኒ አላስቀመጠችውም። ወደ ላይ አወጣችውና የራሷ ማጅራት ላይ አሳረፈችው። ከዚያ ወደ ካሣ ዞራ ጎንበስ አለች።

«ኤሌኒ! ምን መሆንሽ ነው?» አለ አባቷ።

«ስልሳ አምስት ነው ያልኩት፣ አባዬ። ጋሼ ካሣ አልዋሸም።» ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን ተሰማ። «ሙሴ ዓብዱልጀሊል ሲነግረኝ አልሰማሁትም። ኑሪያ እያየችኝ... በእማዬ እያፈርኩ ነበር።»

ከኋላዋ የወንበር እግር ሲንቀሳቀስ ሰማች፤ እናቷ ልትመጣላት ተነስታ ይሁን ፊቷን ልታዞርባት አላወቀችም። ድንጋዩ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነውና አንገቷን ለበለባት። ማን እንደሚያወርድላት፣ ጭራሽ የሚያወርድላት ሰው ይኑር አይኑር አታውቅም። እንዳጎነበሰች ቆየች።